የሌሊት ወፏን ጮክ ብላችሁ ጥሯት፦ የንጉሠ ነገሥታት ዘመን የቻይና የእንጨት ጠረባ እንዴት ይነበባል?

ሙዚየም ውስጥ ወይም የአንድ ሀብታም ሰው ሳሎን ውስጥ፣ ከላይ እስከ ታች የተጠረበ ጥቁርና ከባድ የቻይና ወንበር አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ «አቤት ልፋት!» ይላል። ቀጥሎ «ቆይ፣ ይሄ የሌሊት ወፍ እዚህ ምን ይሠራል?» ይላል። ከዚያ ፎቶ አንስቶ ያልፋል።

ቅኔ ሲዘረፍ ሰምቶ ያደገ ሰው ግን እንዲህ በቀላሉ ማለፍ የለበትም። ጠረባው ከዓይን ይልቅ ለጆሮ የቀረበ ነው። የቻይና ጠራቢ የሚጫወተው እኛ ኅብረ ቃል በምንለው ነገር ነው። አንድ ድምፅ ሁለት ትርጉም ይሸከማል። ሰሙ እንስሳው ወይም ዕቃው ነው፣ ወርቁ ምኞቱ። እንስሳውን አይቶ የሄደ ሰው ሰሙን ይዞ ወርቁን ጥሎ ሄደ ማለት ነው።

ይህ መመሪያ ለሙዚየም ጎብኚም፣ የጥንት ዕቃ ለመግዛት ለሚያስብም ይሆናል። ጠረባው ዓይን ስለሚስብ ሁሉም ሰው ከእሱ ይጀምራል። እናንተ አትቸኩሉ። ከእንጨቱ ጀምራችሁ ወደ ጠረባው ኑ። ምክንያቱን እዚያው ስትደርሱ ታዩታላችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. እንጨቱን ለዩ

ለመነሻ ሦስት ስም ይበቃችኋል፦ ሁዋንግሁዋሊ፣ ዚታን፣ ሆንግሙ።

ሁዋንግሁዋሊ በደቡብ ቻይና ካለችው ከሃይናን ደሴት የሚገኝ እንጨት ነው። ቀለሙ ከማር ቢጫ እስከ ቀላ ያለ ቡናማ ይደርሳል። የእንጨቱ መስመር እንደ ወራጅ ውሃ ይጠማዘዛል። አንጓ ያለበት ቦታ ላይ ዓይንና አፍ የሚመስል ክብ ክብ ነገር ይወጣል። ቻይናዎቹ «የመንፈስ ፊት» ይሉታል፣ እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ውበት ይቆጥሩታል። እንጨቱ ሲቆረጥ ጥሩ ሽታ አለው።

ዚታን የደቡብ ሕንድ እንጨት ነው። ወደ ጥቁር የሚያደላ ሐምራዊ ነው። በጣም ከባድ ስለሆነ ውሃ ውስጥ ይሰምጣል። ዛፉ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ብዙውን ጊዜም መሐሉ ቀፎ ነው። «ከአሥር ዚታን ዘጠኙ ባዶ ነው» የሚል አባባል አላቸው። ስለዚህ ሰፊ የዚታን ጣውላ ስታዩ ባለቤቱ ተራ ሰው እንዳልነበረ ገምቱ። ከ1644 እስከ 1912 ቻይናን በገዛው በቺንግ ሥርወ መንግሥት፣ በተለይ ከ1735 እስከ 1796 በነገሠው በቺያንሎንግ ዘመን፣ ቤተ መንግሥቱ ለዚታን የነበረው ፍቅር ልክ አልነበረውም።

ሆንግሙ ማለት «ቀይ እንጨት» ማለት ነው። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ይመጣ ነበር። ሁለቱ ውድ እንጨቶች እየጠፉ ሲሄዱ፣ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ቦታቸውን የያዘው እሱ ነው።

ይህ ሁሉ እንጨት በአንድ ጊዜ አልመጣም። ጠንካራ እንጨት ከመስፋፋቱ በፊት የሀብታም ቤት ዕቃ በአብዛኛው ለስላሳ እንጨት ላይ ላከር የሚባል የሚያብረቀርቅ ቅብ የተቀባ ነበር። በ1567 ከቺንግ በፊት የነበረው (ከ1368 እስከ 1644) የሚንግ መንግሥት በባሕር ንግድ ላይ ጥሎት የነበረውን እገዳ ሲያላላ፣ በፉጂያን የባሕር ዳርቻ ያለው የዩዌጋንግ ወደብ ተከፈተ። ጠንካራ እንጨትም በብዛት መግባት ጀመረ። ዛሬ «የሚንግ ዘመን የቤት ዕቃ» ተብሎ የሚደነቀው አብዛኛው ሥራ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

እንጨቱን መለየት ለምን ይጠቅማል? የጠረባውን መጠን የሚወስነው እሱ ስለሆነ ነው። እንጨቱ ራሱ ውብ ከሆነ ጠራቢው እጁን ይሰበስባል። የሁዋንግሁዋሊን መስመር በመሮ ማረስ ግፍ ነው። ዚታን ግን መስመሩ እምብዛም አይታይም፣ እጅግ የጠበቀና የላመ ነው፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ዝርዝር ይይዛል። ጠራቢ የሚያብድለት እንጨት እሱ ነው። ሁዋንግሁዋሊ ነው የተባለ፣ ግን አንዲት ጣት የምታህል ባዶ ቦታ ሳይቀር የተጠረበ ዕቃ ካያችሁ ትንሽ ጠርጠር አድርጉ።

2. ጎንበስ ብላችሁ ከሥር እዩ

የጥሩ ዕቃ ምስጢር ከሥሩ ነው። ምስማር አታገኙም። ኮላም ቢኖር ትንሽ ነው። አንዱ እንጨት ምላስ ያወጣል፣ ሌላው ጉድጓድ ይሠራለታል፣ ወንዴና ሴቴ ሆነው ይጋጠማሉ። ማዕዘን ላይ ሦስት እንጨት ተገናኝቶ መጋጠሚያው ቀጭን መስመር ብቻ ሆኖ የሚታይበት ሥራ አለ። ክብ መደገፊያ ያለውን ወንበር፣ ያንን የፈረስ ጫማ የሚመስለውን፣ ካገኛችሁ ከላይ የሚዞረውን ክብ እንጨት ተከተሉት። አንድ ወጥ ይመስላል። ግን ሦስት ወይም አምስት ቁራጭ ተጋጥሞ ነው።

የጠረጴዛውን ፊት ደግሞ እዩ። መሐል ያለው ጣውላ በፍሬሙ ዙሪያ በተቆፈረ ቦይ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል እንጂ አልተጣበቀም። ቤጂንግ የብርድ ወራቷ ደረቅ ነው፣ ደቡቡ ደግሞ ርጥበታም። እንጨቱ ሲያብጥና ሲኮማተር መላወሻ ያስፈልገዋል። «ክፍተት አለው» ብሎ ኮላ የሚሞላበት ሰው ጣውላውን ራሱ ይሰነጥቀዋል።

በነገራችን ላይ ይህ ሙያ ንጉሥንም ያማለለ ነው። ከ1620 እስከ 1627 የነገሠው የሚንግ ንጉሠ ነገሥት ቲያንቺ አናጢነት ይወድ ነበር። እሱ በመጋዝና በመላጊያ ሲጠመድ መንግሥቱን ጃንደረባው ዌይ ጆንግሺየን ያዘው። አገር ሲጎዳ ወንበሩ ሳያምር አልቀረም።

3. ጠረባው የት እንደተቀመጠ እዩ

ገና ምን እንደሆነ አትጠይቁ። የት እንዳለ ብቻ ተመልከቱ።

የሚንግ ዘመን ወንበር ላይ ብዙ ጊዜ አንዲት ክብ ጠረባ ታገኛላችሁ። የጀርባው ሰሌዳ ላይ፣ ከላይ በኩል ትሆናለች። በዙሪያዋ ያለው እንጨት ባዶ ነው። አሠሪው ገንዘብ አጥቶ አይደለም። ያ ባዶነት ታስቦበት የተተወ ነው።

የቺንግ ዘመን፣ በተለይ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ፣ ነገሩ ይለወጣል። ጠረባው ወደ ክንድ ማሳረፊያው፣ ወደ እግሩ፣ ከመቀመጫው በታች ወዳለው ሰሌዳ ይወርዳል።

ቦታም ልዩነት ያመጣል። ሱዡ የምትባለው ከተማ ባለሙያዎች እንጨት ቆጣቢ ናቸው፣ ጠረባቸውም ጥቂትና ስስ ነው። ጓንግዡ ወደብ ናት። እንጨቱ መጀመሪያ የሚደርሰው እነሱ ጋ ስለሆነ እጃቸው አይሳሳም። ወፍራም እንጨት፣ ጥልቅ ጠረባ፣ የሚያብረቀርቅ የዛጎል ውስጠኛ ሽፋን፣ ከዩናን ግዛት የመጣ የዳሊ እብነ በረድ ሁሉ ያገባሉ። ከ1757 እስከ 1842 ምዕራባውያን ነጋዴዎች በባሕር መጥተው የሚነግዱባት ብቸኛ ወደብም እሷ ነበረች። የአውሮፓ ቅጠልና አበባ ጠረባቸው ውስጥ ገብቶ የምታዩት ለዚህ ነው። ቤጂንግ ደግሞ የቤተ መንግሥቱ ወርክሾፕ ነበራት። ከሱዡም ከጓንግዡም ጠራቢ እያስመጣች፣ ዚታኑን እየሰጠች፣ ከጥንት የነሐስ ዕቃዎችና ጄድ ከሚባል የከበረ ድንጋይ ከተሠሩ ዕቃዎች የተቀዳ ንድፍ ታሠራ ነበር።

የእኔን ምርጫ ከጠየቃችሁኝ ሱዡ ይበልጥብኛል። የጓንግዡው ያስደንቀኛል፣ ግን ከፊቱ ብዙ መቆየት አልችልም።

4. አሁን ጮክ ብላችሁ ጥሩት

ዋናው ጨዋታ እዚህ ነው። የምታዩትን ነገር በቻይንኛ ስሙ ጥሩት። ቋንቋውን መቻል አያስፈልግም፣ ጥቂት ቃላት ይበቃሉ።

የሌሊት ወፍ «ፉ» ትባላለች። መልካም ዕድልም «ፉ» ነው። ጽሕፈቱ ይለያያል፣ ድምፁ አንድ ነው። እኛ አገር የሌሊት ወፍ በር ላይ ስቀሉ ብትሉ ማንም አይሰማችሁም። እዚያ ግን የሙሽራ አልጋ ላይ ትጠረባለች። ብዙ ጊዜ ደግሞ ክንፏ እንደ ደመና ተጠቅልሎ ስለሚሠራ ቢራቢሮ ትመስላለች። ጆሮዋንና አፍንጫዋን ፈልጉ።

አጋዘን «ሉ» ነው። የመንግሥት ባለሥልጣን ደመወዝም «ሉ»። አጋዘን የተጠረበበት ወንበር «ሹመት ይስጥህ» እያለ ነው።

የአበባ ማስቀመጫ «ፒንግ» ነው። ሰላምም «ፒንግ»።

ዓሣ «ዩ»፣ የተረፈ ሀብትም «ዩ»። ሎተስ የምትባለው የውሃ አበባ «ልየን» ናት፣ መቀጠልም «ልየን»። እንግዲህ ዓሣና ሎተስ አብረው ካያችሁ «ከዓመት ዓመት ይትረፍረፍ» ብላችሁ አንብቡ።

ጦጣ «ሆው» ነው። መስፍንም «ሆው»። ጦጣዋ ፈረስ ላይ ተቀምጣ ከሆነ ነገሩ ይብሳል። «ፈረስ ላይ» የሚለው የቻይንኛ ሐረግ «ወዲያውኑ» ማለትም ነው። ስለዚህ ፈረስ የተቀመጠች ጦጣ «አሁኑኑ መስፍንነት ይድረስህ» ናት።

«ቺንግ» የሚባል እንደ ደወል የሚመታ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ (ከሥርወ መንግሥቱ ስም ጋር አታምታቱት)። ወገቡ ላይ የታጠፈ ሰሌዳ ይመስላል። ደስታን ማክበርም «ቺንግ» ነው። የቺንግ ዘመን ወንበሮች ጀርባ ላይ ይህ ድንጋይ ተንጠልጥሎ፣ ከሥሩ ሁለት ዓሣ ሆኖ ይገኛል። እንግዳ ሰው ሚዛን ይመስለዋል። እናንተ «ደስታውም ሀብቱም ይትረፍ» በሉት።

5. ቁጥሩን፣ አቀማመጡን፣ ጎረቤቱን ቁጠሩ

አንድ ቃል ዓረፍተ ነገር አይሆንም። ጠራቢውም ሰዋስው አለው።

መጀመሪያ ቁጥር። አምስት የሌሊት ወፍ ማለት አምስቱ በረከቶች ናቸው፦ ረጅም ዕድሜ፣ ሀብት፣ ጤናና ሰላም፣ መልካም ምግባርን መውደድ፣ እንዲሁም ዕድሜን ጨርሶ በሰላም መሞት። አምስቱ ብዙ ጊዜ «ሾው» የሚባለውን የረጅም ዕድሜ ፊደል ከበው ይሠራሉ።

ቀጥሎ አቀማመጥ። የተዘቀዘቀች የሌሊት ወፍ የጠራቢ ስሕተት አይደለችም። «መገልበጥ» እና «መድረስ» በቻይንኛ ተመሳሳይ ድምፅ አላቸው። «ዕድል ደረሰ» ማለት ነው።

ከዚያ ጎረቤት። የሌሊት ወፍ ከኮክ ፍሬ ጋር ከሆነች፣ ኮክ የረጅም ዕድሜ ምልክት ስለሆነ ዕድልና ዕድሜ አንድ ላይ መጡ። መሐሏ ቀዳዳ ያላት የቻይና ሳንቲም አጠገብ ከሆነች ግን እኔ በጣም የምወደው ይመጣል። የሳንቲሟ ቀዳዳ «ዓይን» ይባላል። «ሳንቲም» እና «ፊት ለፊት» ደግሞ አንድ ድምፅ ናቸው፣ «ቺየን»። ሲነበብ፦ «መልካም ዕድል ዓይንህ ፊት ነው»። ጥሩ የቅኔ መምህር ይህን ሰምቶ «ይበል!» ሳይል የሚቀር አይመስለኝም።

6. ኅብር ያልሆነውን ለብቻ አስቀምጡ

ሁሉም ነገር በድምፅ አይፈታም። በድምፅ ካልተፈታላችሁ አታስጨንቁት።

ድራጎን ድምፅ አያስፈልገውም። እዚህ ላይ ግን የእኛን ሥዕል ከአእምሯችሁ አውጡ። በቅዱስ ጊዮርጊስ ጦር የሚወጋውን ዘንዶ ያየ ዓይን የቻይናውን ድራጎን ክፉ አድርጎ ያየዋል። የቻይናው ድራጎን ዝናብ አምጪ ነው፣ የንጉሠ ነገሥቱም ምልክት ነው። ጥፍሩን ቁጠሩ። አምስት ጥፍር የንጉሠ ነገሥቱ ነው፣ አራት ጥፍር ከእሱ በታች ላሉት። ፊኒክስ የምትባለው የተረት ወፍ የንግሥቲቱ ናት። የሚንግ ወንበሮች ላይ በብዛት የምታገኙት ደግሞ ሌላ ነው። ቀንድ የሌለው፣ እንሽላሊት የሚመስል፣ ጭራው የተጠቀለለ ትንሽ ድራጎን። «ቺ» ይባላል። በዚያች አንዲት ክብ ጠረባ ውስጥ ተጠምዝዞ የሚተኛው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ሮማን ፍሬው ብዙ ስለሆነ ብዙ ልጅ ማለት ነው። ፒዮኒ አበባ ሀብትና ክብር ናት። ጥድ፣ ቀርከሃና በብርድ ወቅት የሚያብበው ፕለም «ሦስቱ የብርድ ወቅት ወዳጆች» ይባላሉ። የተማረ ሰው ቤት የሚስማሙ ናቸው፣ በብርድ የማይበገር ጠባይ ማለት ነው። ማዕዘን ማዕዘኑን እየተጠቀለለ የሚሄደው መስመር ከጥንት የነሐስ ዕቃዎች የመጣ ነው። የተጣመመ መስቀል መሳዩን ምልክት ስታዩ አትደንግጡ። ከቡድሃ እምነት ጋር የመጣ ነው፣ «ዋን» ተብሎ ይነበባል፣ አሥር ሺህ ማለት ነው።

7. እጅ ነው ወይስ ማሽን?

የድሮው ጠራቢ ንድፉን ወረቀት ላይ ይሥላል። ወረቀቱን እንጨቱ ላይ ይለጥፋል። በመሮ ዙሪያውን ይመታል፣ መሬቱን ዝቅ ያደርጋል፣ ምስሉ ብቅ ይላል። ከዚያ ረጅሙ ሥራ ይጀምራል። ፊቱን ይፍቃል፣ ሻካራ ግንድ ባለው የሣር ዓይነት እያሸ ያለሰልሳል። የብርጭቆ ወረቀት አልነበረማ። «ሦስት እጅ መጥረብ፣ ሰባት እጅ ማሸት» ይላሉ ባለሙያዎቹ። መጨረሻ ላይ የንብ ሰም አሙቆ ያጠጣዋል። እዚህ ላይ ሰሙ የእውነት ሰም ነው።

ይህን ካወቃችሁ ማሽኑን መያዝ ቀላል ነው። ጣታችሁን ከተፈቀደላችሁ ምስሉ ሥር ባለው ዝቅ ያለ ቦታ ላይ አሂዱት። የእጅ ሥራ ትንሽ ትንሽ ይወጣል ይወርዳል። ማሽን እንደ መስታወት እኩል ያደርገዋል። ጠባብ ማዕዘኖችን እዩ። መሮ እስከ ጥግ ይገባል። የሚሽከረከር የማሽን ጥርስ ግን ጥጉን ክብ አድርጎ ይተወዋል።

እኔ ይህን የተማርኩት ከፍዬ ነው። ከዓመታት በፊት ከአንድ ገበያ «የአያቴ ነበር» የተባለልኝን ትንሽ የጌጥ ሣጥን ገዛሁ። ክዳኑ ላይ አምስት የሌሊት ወፍ አለ። ደስ ብሎኝ ቤት አስገባሁት። ማታ መብራት ሥር ሳየው አምስቱም አንድ ናቸው። አምስቱም ግራ ክንፋቸው ላይ ተመሳሳይ ቦታ ተመሳሳይ ጭረት አላቸው። የሰው እጅ አምስት ወፍ ሲሠራ አምስት እህትማማች ያወጣል፣ እንዲህ ያለ መንታ አያወጣም። ሣጥኑ አሁንም አለ፣ ቁልፍ አስቀምጥበታለሁ።

የአጠቃቀም ምልክትም እዩ። ክንድ የሚያርፍበትና እግር የሚረግጠው እንጨት መበላት አለበት። ማንም የማይነካው ጀርባ ተበልቶ፣ እግር ማሳረፊያው ግን አዲስ ከሆነ፣ ያስረጀው ዕድሜ ሳይሆን ሰው ነው።

8. ለመግዛት ካሰባችሁ

ከአዲስ አበባ ጓንግዡ ለንግድ የምትመላለሱ ይህቺን ልብ በሉ። ቻይና ከ1911 በፊት የተሠሩ ጥንታዊ ዕቃዎች ከአገር እንዳይወጡ ትከለክላለች። «የቺንግ ዘመን ነው፣ ነገ እልክልሃለሁ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ ወይ ዕቃው የቺንግ አይደለም፣ ወይ ሰውየው ሕግ እየጣሰ ነው። እንጨቱም ራሱ ጣጣ አለው። ዚታን ከ1995፣ ሁዋንግሁዋሊ ያለበት የዛፍ ወገን በሙሉ ደግሞ ከ2017 ጀምሮ፣ አደጋ ላይ ያሉ ዝርያዎችን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በሳይተስ፣ ሥር ናቸው። ድንበር ለማሻገር ወረቀት ያስፈልጋል። አዲስ ሥራ መግዛት ነውር የለውም። ጥሩ ጠራቢዎች ዛሬም አሉ። በአዲስ ዋጋ ግዙት ብቻ።

ቤት ካስገባችሁ በኋላ ከፀሐይና ከማሞቂያ አርቁት። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን አራግፉ። ቨርኒሽ አትቀቡት፣ የሚረጭ ማወልወያም ይቅርበት። ትንሽ የንብ ሰም አልፎ አልፎ ይበቃዋል። ስታነሡት መቀመጫው ሥር ያዙት፣ በክንዱ አትጎትቱት።

ልምምድ

ሻንጋይ ከሄዳችሁ የሻንጋይ ሙዚየምን እዩ። የዚህ ጥናት አባት የሚባለው ዋንግ ሺሺያንግ የሰበሰባቸው 79 ዕቃዎች እዚያ ናቸው። ቤጂንግ በቀድሞው ቤተ መንግሥት ውስጥ የቤት ዕቃ ብቻ የሚታይበት አዳራሽ በ2018 ተከፍቷል። አሜሪካ ላላችሁ የሚኒያፖሊስ የሥነ ጥበብ ተቋም ድንቅ ስብስብ አለው፣ መግቢያውም ነፃ ነው። ኒው ዮርክ ያላችሁ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ የቻይናውን የአትክልት ግቢ ፈልጉ። አጠገቡ የሚንግ ዘመን ዕቃ ያለበት ክፍል አለ።

እስከዚያው አንድ የቤት ሥራ። አንድ ካቢኔ በር ላይ የአበባ ማስቀመጫ ተጠርቧል። አበባ ግን የለውም። በአበባው ፈንታ ሦስት ጦሮች ቆመውበታል፣ ጎናቸው ላይ ማጭድ መሳይ ስለት ያላቸው። የዚህ ጦር ስም «ጂ» ነው። የሹመት ደረጃም «ጂ» ይባላል። ማስቀመጫው ምን ይባል እንደነበር ታስታውሳላችሁ።

እንቆቅልሽ! ካልመጣላችሁ አገር ስጡኝ።